የድስቱ ነገር

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ የተሟላ መልስ እፈልጋለሁ። መብራት ሲበራ ዓይንህን የሚያምህ ነገር ተወህ? ፒንሳውን «ያ የሚነክሰው» ማለትህስ ቀረ? ግራ እጅህ ብርጭቆ ይይዛል? ሚስትህን በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለችኝ። «ደህና መልስ አይደለም» ብዬ ጮኽኩባት። ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው፤ ይቅርታ ጠይቅልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ምን ያህል እንደምፈራ ብታውቅ።

ሐኪሙ ለአንተ ሲጻፍ ፊደሉ ትልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን ብሏል። ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ግን፣ ታውቀኛለህ፣ እየታገልኩ ነው። ከደከመህ አቁምና ነገ ቀጥል። ካቃተህ ሚስትህ ታንብብልህ፤ እሷም ብትሰማው ይሻላል። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ጨርሰው።

እኔ ያለሁበት የሄልሜት ኮሚቴ በየስብሰባው ከሞተረኞቹ ጋር የሚገጥመውን ክርክር ታውቀዋለህ። ጎማ የሚሉት የተራው አለቃቸው «ጋሼ፣ ቀኑ የደረሰ ሰው ብረት ድስት ቢደፋም አይድንም» ይለኛል። አንዱ «ሄልሜት ጆሮ ይደፍናል» ይላል፤ ሌላው «ደንበኛ የሰው ላብ አልነካም ይላል» ብሎ ያማርራል። እኔም እንደ ፊዚክስ መምህርነቴ ሐብሐብ ገዝቼ ፊታቸው ከጠረጴዛ ላይ ለቀቅኩት። ተፈረከሰ። ስለ ጉልበትና ፍጥነት ማስረዳት ስጀምር ጎማ ጎንበስ ብሎ ትልቁን ስባሪ አነሳና ገመጠው። «ሳይንስ ይባረክ» አለኝ አፉን እየጠረገ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደሜ ፈላ።

ያንተን የሞተር አደጋ ሳነሳ ግን ጎማ እንኳ ኮፍያውን አወለቀ። ያኔ ነው ኮሚቴው «ቅዳሜ ራሱ ይምጣና ይናገር» ያለው፤ አንተም «ለጋሼ ስል ምን ገዶኝ» ብለህ እሺ ያልከው።

ባለፈው ልጠይቅህ ስመጣ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁህ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ንግግርህን ትለማመድ ነበር። «ወንድሜ እየመከረኝ፣ በገዛ ግትርነቴ...» ትልና ቃሉ ይጠፋብሃል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለህ። «ግትርነቴ» የምትለው ቃል ግን አንድም ጊዜ አልጠፋብህም። ሳልገባ ተመለስኩ።

በነቃህ ሰሞን ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ድስቴን አድርጌ ነበር?» አልከኝ፤ ያው ሄልሜትህን ማለትህ ነው። «አላደረግክም» አልኩህ። እውነት ነው፤ አላደረግክም ነበር። ተማሪ ግማሽ መልስ ሲጽፍልኝ ዜሮ የምሰጥ ሰው ነኝ፤ ለአንተ የሰጠሁህ ግን ግማሽ መልስ ነው። የቀረውን አንተው ሞላኸው። እናታችንም «ያ ግትር ልጄ፣ ታላቁን ቢሰማ ኖሮ» እያለች ሞላችው። እኔ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ ብርቱካን እልጥ ነበር። ይባስ ብለህ እጄን ይዘህ «ስላስደነገጥኩህ ይቅር በለኝ» አልከኝ። እኔም ይቅር አልኩህ! አፌ እንዴት እሺ እንዳለኝ እንጃ።

የዚያ ጠዋት ነገር ከአንተ ጠፍቷል፤ ከእኔ ግን አልጠፋም። ያው ለሄልሜቱ ስብሰባ ዘግይቼ ነበር። ስደውልልህ የአንድ ሰው ቤት የመብራት መስመር እየዘረጋህ ነበር፤ ገመዱን አንጠልጥለህ ትተህ በሞተርህ መጣህ። ድስቱ አንድ ነው። ጎማና ጓደኞቹ በር ላይ እንደሚቆሙ አውቃለሁ፤ ያለ ሄልሜት ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ አሰብኩ። አፍ አውጥቼ የጠየቅኩህ ነገር የለም። ፊቴን አየህና ሳቅክ። «ጭንቅላት የሚያስፈልገው ለተማረ ሰው ነው ጋሼ፤ ለእኔ እጄ ይበቃኛል» አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ያ ሚኒባስ ሳያይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐኪሞቹ ነግረውሃል። «አንተስ ጋሼ እንዴት ጭረት እንኳ ሳይነካህ ተረፍክ?» ብለህ ስትጠይቀኝ «እግዚአብሔር ነው» አልኩህ። እሱንም በሐሰት ምስክርነት ጠራሁት።

ቅዳሜ ቀድሜህ የምናገረው እኔ ነኝ። ጎማ ይሳቅ፤ ኮሚቴውም ያባርረኝ። አንተ ካልፈለግህ አትምጣ። ከመጣህ ደግሞ ያሻህን ተናገር፤ ያችን «ግትርነቴ» የምትለዋን አንድ ቃል ብቻ ተዋት፣ የአንተ አይደለችም። ለእናታችን እኔው ሄጄ እነግራታለሁ።

ድስቴ የት ገባ እያልክ ስትጠይቅ ዝም ያልኩህ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ስለነበረ ነው። ይኸው ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ከኋላው ተፍቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ከማንበብህ ስታርፍ አንድ ጊዜ አጥልቀው። አንተ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ካላጠበቅከው አይሆንህም ነበር፤ አሁን አገጭህ ሥር ይንጠለጠልብሃል። አልነካሁትም። በዚያ ጠዋት በገዛ ጣትህ ለእኔ እንዳላላኸው ነው።

የጠፋብህን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ይመልስልህ። ለእጅህ ጽናቱን፣ ለዓይንህ ዕረፍቱን ይስጥህ። ሚስትህንም ስለ ትዕግሥቷ ይባርካት።

ታላቅ ወንድምህ