የካፖርትህ ክብደት

ይድረስ ለወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እኔም እንደ ወትሮው ክሊኒኩ ውስጥ ተመላላሽ ታካሚ እመዝናለሁ፤ የሰው ገላ ዛሬም ያስደንቀኛል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤታችን መቶ አስራ ሁለት ኪሎ ሲመዝን፣ ሚዛኑን እንደ ባላንጣ ገላመጠው።

ትናንት እማዬ የተውክላትን ካፖርት ለብሳ መጣች። "አውልቂው" ብላት፣ "ብርድ ነው፤ ዝም ብለህ መዝን!" አለችኝ። አርባ አምስት ኪሎ። "አየህ? አልከሳሁም፤ ለወንድምህ ጻፍለት።" ይኸው ጻፍኩልህ።

ሐኪሙ አስወልቆ ሲመረምራት ካፖርቱን ብቻውን መዘንኩት፤ ሰባት ኪሎ። ኪሱ ውስጥ የበራችን ማስደገፊያ ድንጋይ ተቀምጧል። ሁለታችንን በየተራ አዝላ ያሳደገች ሴት፣ አሁንም እንዳናስብ ብላ ድንጋይ ተሸክማ መጣች! ድንጋዩንም እንዳላየ ሰው መልሼ ከተትኩት።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ሙቀቱ ሳይገባ ካፖርትህን ለመውሰድ ብቅ በል።

ታላቅህ