የሦስተኛውን ጎጆ መዝገብ ማን ያነበዋል?

ለተራራ ጎጆዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከነሁለቱ ደህና ቁርጭምጭሚቶችዎ እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ቁርጭምጭሚት ካነሣሁ አይቀር፣ ሥራ በዝቶብዎ የጎረቤቴን የልብስ ሰፊዋን ጤንነት ለመጠየቅ ፋታ ስላላገኙ እኔው ልንገርዎ። ደህና ናት። ሐኪሞች እግሯ ውስጥ ያስገቡት ብረት በብርድ ቀን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም፤ የስፌት መኪናዋንም አሁን በግራ እግሯ መርገጥ ለምዳለች። ባሏ ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ፣ ስትወርድ ከፊቷ እየሆነ፣ በዚህ ዕድሜያቸው አዲስ ሙሽሮች መስለዋል። የልጇ ልጅም ጥርስ አውጥታለች። እንደሚደሰቱ አውቃለሁ።

እኔ በአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ የማጥብና የምተኩስ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ለእርስዎ ለመጻፍ የደፈርኩት በልጄ ምክንያት ነው። ልጄ አውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ትሸጣለች፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ቀዳዳ ሰው ሲጮህባት ስለሚውል ቤት ስትገባ ሬዲዮ እንኳ ታስጠፋኛለች። አምስት ቀን ዕረፍት አገኘችና ከጎጆ ወደ ጎጆ በእግሯ ልትጓዝ ተነሣች። እርስዎ እንደሚያውቁት መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ሰው የሚጎርፍበት፣ በየጎጆው ጠባቂ፣ ትኩስ ሾርባና አርባ አንኳራፊ ያለበት ትልቁ መንገድ ነው። ሌላው ጸጥተኛው መንገድ ነው። የእሷ ልብ ከመጀመሪያውም ጸጥተኛው ላይ ነበር፤ እኔ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ትንሽም አልቅሼ ትልቁ ላይ አስመዘገብኳት። ባለፈው ሳምንት ግን ከጽሕፈት ቤትዎ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት! ትልቁ መንገድ ስለሞላ ወደ ጸጥተኛው አዛውረንዎታል፤ የማይስማሙ ከሆነ እስከ ሐሙስ ያሳውቁ» የሚል ወረቀት ደረሳት። የምትነሣው ቅዳሜ ነው። እኔ ሳሳድጋት ልሰጣት ያልቻልኩትን የልቧን ምኞት በአንድ ወረቀት ስለፈጸሙላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሌሎች ምስጋናዎችም ስላሉኝ በቁጥር ላስቀምጣቸው።

፩ኛ፦ ስለ በራሪ ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ፎቶው ያምራል፤ በጎጆው መስኮት ላይ አበባ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ አይታ፣ «አበባውስ ይቅር፣ መስኮቱ የት አለና?» አለች። ከሥሩ ግን፣ «በአምስቱ ቀናት አንድም ሰው ላያጋጥምዎ ይችላል!» ተብሎ ተጽፏል፤ ቃለ አጋኖ ሁሉ አለው። ልጄ ይህችን መስመር አንብባ ፊቷ በራ። እኔ ያንኑ መስመር አንብቤ፣ በማግስቱ የትራስ ልብስ ስተኩስ ልቤ እዚያው ሄዶ አቃጠልኩት። ሃያ ዓመት ስተኩስ አቃጥዬ አላውቅም።

፪ኛ፦ ስለ መዝገቡ አመሰግናለሁ። በሁሉም ጎጆ ጠረጴዛ ላይ ብዕር በገመድ የታሰረበት ደብተር እንደሚቀመጥና ተጓዥ ስሙን፣ የገባበትን ሰዓት፣ ቀጥሎ የሚሄድበትን እንደሚጽፍ አውቃለሁ። በትልቁ መንገድ ጠባቂው ሲመሽ ደብተሩን አንብቦ ለሚቀጥለው ጎጆ ይደውላል፤ የቀረ ካለ ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ። በጸጥተኛው መንገድ ደብተሩ አለ፣ ብዕሩም አለ፣ ገመዱም አለ። ጠባቂው ግን «ለአካባቢው ጸጥታ ሲባል» ተነሥቷል። ልብስ ሰፊዋ አምና ከሦስተኛው ጎጆ ወጥታ ወደ አራተኛው ስትሄድ እርጥብ ድንጋይ አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። በደረቷ እየተሳበች ወደ ሦስተኛው ተመለሰች። ደንብ አክባሪ ሴት ስለሆነች መጀመሪያ ያደረገችው መዝገቡ ላይ መጻፍ ነው፦ «እግሬ ተሰብሯል፤ መራመድ አልችልም፤ እባካችሁ ሰው ላኩ።» በማግስቱም ጻፈች። በሦስተኛው ቀን አቅሟ ስላለቀ ቀኑን ብቻ ጻፈች። ያገኛት ቀፎዎቹን ሊያይ በዚያ ያለፈ ሽማግሌ ንብ አናቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንበብ አይችልም። ሲያቃስት የሰማው ሰው እንጂ ደብተር አይደለም።

፫ኛ፦ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ከአራት ወር በኋላ፣ እግሯ ገና በጀሶ እያለ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላኩላት፦ «ውድ ተጓዥ፣ በጎጆ ቁጥር ሦስት መዝገብ ላይ ስላሰፈሩልን ጠቃሚ አስተያየት እናመሰግናለን፤ ዳግም እንደሚጎበኙን ተስፋ እናደርጋለን።» ሦስት ቀን የጻፈችው ሁሉ እንደ አንድ አስተያየት ተቆጥሮላታል። ደብዳቤውን አልጣለችውም፤ አጥፋ ከስፌት መኪናዋ አጭር እግር ሥር አድርጋዋለች፣ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አይነቃነቅም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ምንም አልጠቀማትም ማለት ሐሰት ነው።

አራተኛውን እንደ ምስጋና ልጽፍ ጀምሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ ቦታ አንሶላ ሳጥፍ ቀኖቹን በጣቴ እቆጥራለሁ። ልጄ እሁድ እኩለ ቀን ላይ ብትወድቅ እኔ የማውቀው ረቡዕ ማታ፣ አውቶቡሱ ሳያመጣት ሲቀር ነው። ከዚያ ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤትዎ እስኪከፈት ደጅ እቆማለሁ። ከዚያ ቅጽ እሞላለሁ። እንደገና እቆጥራለሁ፣ እንዲያንስልኝ ብዬ፤ ያው ይመጣል። በእኛ እንግዳ ማረፊያ ጠዋት ያልተተኛበት አልጋ ካየሁ ወዲያው ለባለቤቲቱ እነግራለሁ፣ እሷም ሰው ልካ እንግዳውን ታፈላልጋለች። አንድ ጊዜ እንግዳው አክስቱ ቤት አድሮ ስለነበር ተሳቀብን፤ መሳቃቸው ምን ጎዳን? እኛ እኮ አሥራ አንድ ክፍል ብቻ ያለን ተራ ቤት ነን፤ ማኅተምም የለንም።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው፤ ጠባቂ መልሱ አልልም፣ መስኮቱንም ተዉት። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ በቀን አንድ ጊዜ ያንን ደብተር ከፍቶ የልጄን ስም ይይ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሠራተኛ ከቸገረዎ እኔ አለሁ፤ ስም ለማንበብና የጎደለውን ለማስተዋል ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

ማንበብ ልማድዎ ስላልሆነ ውድ ጊዜዎን እንዳላጠፋሁብዎ በማሰብ እየተጽናናሁ፣ ለከፍተኛው ወንበርዎና ለዝቅተኛው ጭንቀትዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር፣

የትኬት ሻጯ እናት፣ አንሶላ ተኳሿ

ማስታወሻ፦ ይህንን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ልለጥፍ ሙጫ ስፈልግ ሰዎች መጡብኝ።

መጀመሪያ የመጣው የእርስዎ መልእክተኛ ነው። ደብዳቤ ልለጥፍ መሆኔን ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ «አይስጉ እናቴ፣ የልጅዎ ስም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል» አለኝ። የትኛው መዝገብ ላይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያው የአምናው እንደሆነና ያልተጻፈባቸው ገጾች ስለቀሩት ወደ ቦታው መመለሱን ነገረኝ።

ቀጥላ ልጄ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቆማ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «እማዬ፣ እኔም እፈራለሁ» አለች። «ግን እዚያ መስታወት ፊት ስቀመጥ የባሰ እፈራለሁ። ልሂድ።» እሺ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው።

ድምፃችንን በግድግዳው የሰማችው ልብስ ሰፊዋ ምርኩዟን ይዛ መጣች። «የኔ ልጅ፣ ሦስተኛው ጎጆ ስትደርሺ ገጹን ወደ ኋላ ግለጪው» አለቻት። «እኔ ከጻፍኩት ሥር ‹ተነቧል› ብለሽ ጻፊልኝ።»

በመጨረሻ እሷን ተከትሎ ንብ አናቢው ገባ፤ ለካ እግሯን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም። «እህቴ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ደብተሩ አያናግረኝም» አለኝ። «ግን ሰኞ ሲመሽ በዚያ በኩል አልፋለሁ፣ ደጃፉ ላይ ጫማ መኖሩን አያለሁ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ደግሞ ተመልሼ፣ ጫማው መሄዱን አያለሁ። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»