አርብ ዕለት ስለታረደው የእርቅ ሰነድ

ለክቡር አቶ ሶፎንያስ፣ የጽሕፈት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም እንዴት ሰነበታችሁ? በተለይ ራስዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሰሞኑን በእኛ ሰፈር ያልተፈነከተ ራስ እየተወደደ ነው። እኔ የጽሕፈት ቤቱ ፀሐፊ ገነቴ ጠና፣ ኮምፒውተራችንን ስላጸዱልን በአደባባይ ላመሰግንዎት ተነስቻለሁ።

1. «አሻራ ያላረፈበት ሰነድ ቋሚ ፎልደር ውስጥ እንዳይገባ» ብለው ግድግዳ ላይ ስለለጠፉት መመሪያ አመሰግናለሁ። አባቴና ጎረቤታችን አቶ ማቲዎስ በእንሰት ማሳ ወሰን ዘጠኝ ዓመት ከተጣሉ በኋላ፣ ሽማግሌዎች አራት ቅዳሜ ተቀምጠው አስታረቋቸው፤ አባቴም ሁለት እርምጃ መሬት ሊለቅ ተስማማ። ቃሉን የተየብኩት እኔ ነኝ። በመመሪያዎ መሠረትም ሰኞ አሻራ እስኪደረግበት ድረስ ጊዜያዊ ፋይሎች በሚቀመጡበት ቴምፕ በተባለው ፎልደር አኖርኩት።

2. አርብ ዕለት ኮምፒውተሩ ዲስኬ ሞላ ቢል፣ እርስዎ በሙሉ ሥልጣን ገብተው ቴምፕ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ጨፈጨፉት። ኮምፒውተራችን የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በእንዲህ ያለ ትእዛዝ የሄደውን የሚመልስ ቅርጫት የለውም። ዲስኩን የሞላው የልጅዎ የሠርግ ቪዲዮ ግን በቋሚው ፎልደር ውስጥ አንድም ጭረት ሳይነካው ይገኛል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

3. እርስዎን ማስተማር ድፍረት ነው። ሆኖም የሚሰረዘውን አስቀድሞ በዝርዝር አውጥቶ ማየት፣ ክፍት የሆነ ፕሮግራም የያዘውን ፋይል መተው፣ ከአሥር ቀን ወዲህ ያልተነካውን ብቻ መሰረዝ፣ ፎልደሩን ራሱን ደግሞ አለመንካት ይበቃ ነበር። ከሠርጉ ቪዲዮ አንድ ዘፈን የማይሞላ ጊዜ ነው የሚወስደው።

4. ሰኞ ሁለቱ ቤተሰቦች ከነሽማግሌዎቻቸው አሻራ ሊያደርጉ ጽሕፈት ቤቱ ሲመጡ ሰነድ የለም። አቶ ማቲዎስ ወደ አባቴ ዞረው «መሬቱን ላለመልቀቅ ልጅህ ናት ያጠፋችው» አሉ። እርስዎ እውነቱን እንዲናገሩልኝ ሦስት ጊዜ አስጠራሁዎት፤ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለ። አባቴ ለስሜ ብሎ ዱላ ሲያነሳ የአቶ ማቲዎስ ልጅ በመጥረቢያ ጀርባ አናቱን በረቀሰው። ቡና ሳይፈላ አምስት ሰው ደም በደም ሆነ፤ በዘጠኙ ዓመት ጠብ እንኳ ሰው ተገፈተረ እንጂ አልተፈነከተም ነበር። ኪቦርዱ ላይ የፈሰሰውን የአባቴን ደም የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ እንደ እርስዎ መፍጠን ስለማልችል ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር በመርፌ እየጫርኩ አወጣሁት።

5. እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ትእዛዝ የጻፉበትን ጣትዎን በበር ብቀረቅረው አንጀቴ ይርስ ነበር። ይህ ከሥራ ደንባችን ጋር እንደማይሄድ ስለማውቅ ግን ደብዳቤ መጻፉን መረጥኩ።

ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ሪፈር ተብሎ ከተኛ በሽተኛ አልጋ ሥር ቁጭ ብላ፣ ረጅም ዕድሜና ባዶ ዲስክ የምትመኝልዎ፣ መመሪያ አክባሪዋ

ገነቴ ጠና

ማስታወሻ፦ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ አንቀመጥም ስላሉ፣ አባቴ የስምምነቱን ቃል ያስታውስ እንደሆነና እንደገና ልተይበው እችል እንደሆነ እርስዎ ሰው ልከው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አባቴ ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ ጠየቀኝ።