ከላይም ከታችም የታጠፉት ገጾች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለኢሲሌሊ። እንደምን አለህልኝ? እማማስ እንዴት ናት? አባባስ ወገቡን ተሻለው? ትንሿ እህታችን ፊናውስ? «ደህና ናችሁ ወይ» ስል እንደ ልማዱ መስሎህ እንዳታልፈው፤ ዘንድሮ የምሬን ነው የምጠይቀው። እኔ በአምላክ ቸርነት አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን በቦታው የለም።

እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ባሕሩ ወደ ደሴቶቻችን ወጣ ከተባለ ዛሬ ሳምንት ሆነ። የስልኩ መስመር ባሕር ውስጥ ተበጥሷል። የዋናው ደሴት ሰዎች እየቆራረጠም ቢሆን ገብቶላቸዋል፤ የእኛ የሃአፓይ ደሴቶች ግን ጭጭ ናቸው። ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ በቴሌቪዥን አሳዩን፤ ሁሉም አመድ ለብሷል። ቤተ ክርስቲያኑን አገኘሁ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ሦስተኛው ቤት የእኛ ነው ብዬ ቆጠርኩ። ሦስተኛ ቤት የለም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት ቁጥሩን ሁለቴ አነባለሁ። አክስታችን ላቪኒያ «ክፉ ወሬ ቢኖር እስካሁን ይሰማ ነበር» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የሚያወራ ሰው ካልተረፈስ እላለሁ፣ በልቤ። የነርስነት ትምህርቱንም እንጃ፤ መምህሯ ስትናገር አፏን ብቻ ነው የማየው።

አሁን የምጽፍልህን እማማ ብትሰማ «ለወንድም እንዲህ ይጻፋል?» ትለኛለች። አውቃለሁ፤ በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም አብረው አይስቁም። ሬዲዮ ላይ ቀልድ ሲጀመር ወይ አንተ ትወጣለህ ወይ እኔ። ግን ፈርቻለሁ፤ ከፈራሁ ወዲህ ነውሩ አልታይ ብሎኛል። ወደዚህ ስመጣ እማማ በዳቦ ላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ሻንጣዬ ውስጥ ከታ «ከእኔ ነው» አለችኝ። እማማ ደግሞ ከመዝሙር መጽሐፍ ሌላ ገልጣ አታውቅም። ያንተ እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ወንዶች ልጆች በሚያድሩበት የጓሮ ቤት ሆነህ ስታነበው ሳቅህ በግድግዳው ይመጣ ነበር፤ እኔም ምን እንዳሳቀህ ሳላውቅ ትራሴን ነክሼ እስቅ ነበር።

እዚህ በመጣሁ ሰሞን ናፍቆት ሲያንገበግበኝ የዋልኩት ከእሱ ጋር ነው። የሳቅክበትን ገጽ ከላይ ታጥፋለህ አይደል? የታጠፈውን እየፈለግኩ አነብ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፍርሃቱ ቢብስብኝ እንደገና አወጣሁት። ያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የጎረቤቱን አሳማ ሰርቆ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያሰረበት ታሪክ አለ አይደል? «አትስረቅ» ተብሎ ሲሰበክ አሳማዋ ገመዷን በጥሳ ትገባና ባለቤቷ እግር ሥር ትተኛለች። ሽማግሌው ዐይኑን በጨው አጥቦ «ምእመናን፣ ስብከት ማለት ይህ ነው፤ አሳማ እንኳ ንስሐ ገባ» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። አክስታችን ከጓዳ ወጥታ «አንቺ፣ የወገን መኖር መሞት ሳይታወቅ ትገለፍጫለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። አፈርኩ። ትንሽ ቆይታ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ አንብቢልኝ» አለች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ተያይዘን አለቀስን። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ግን ወሬው ከተሰማ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በላን።

ዛሬ የምንልክላችሁን በርሜል እያሸግን ነው። ውሃ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ዱቄትና ሳሙና አለበት። መጽሐፉንም በዚያው ላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከላይ አድርጌዋለሁ። እኔ የሳቅኩበትን ከታች በኩል አጥፌዋለሁ። ከላይም ከታችም የታጠፉ አሥራ አንድ ገጾች አሉ።

እማማን ጉልበቷን፣ አባባን እጁን፣ ፊናውን ጉንጯን ሳምልኝ። ስማቸውን መጻፍ ያስፈራኛል፤ ቢሆንም አንዳቸውንም አልዘልም። አክስታችን ላቪኒያም ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብላለች።

ወንድም ጋሼ፣ በርሜሉን የከፈትከው አንተ ከሆንክ መልስ መጻፍ አይጠበቅብህም። አንድ ገጽ ከላይ አዲስ አጥፈህ መጽሐፉን መልስልኝ። ያንተን አጠፋፍ አውቀዋለሁ።

እህትህ አኬሲ
ኦክላንድ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2022