የአባባ ላንድሮቨር ቦዲዋን ያወለቀችበት ሳምንት

ሰኞ

አልፈታም አለ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያለውን ብሎን ከሰዓት ሙሉ ስታገለው ውዬ፣ እሱ ንቅንቅ ሳይል የእኔ ጣት ተላጠ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር? «ዝገት በትዕግሥት እንጂ በጉልበት አይፈታም» እያልኩ አውቶ መካኒክ የማስተምር ሰው ዛሬ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ የብሎኑን እናት ስሰድብ ዋልኩ።

አባባ በረንዳው ላይ ካለችው አግዳሚያቸው ሆነው ይሰሙኛል። «ብሎን እናት የለውም፣ ወርቄ። ላምባ አጠጪውና ተዪው፤ ይደር» አሉ።

ላንድሮቨሯ የእሳቸው ናት። ከመካነ ሰላም ወግዲ ሠላሳ ዓመት ሙሽራም፣ በሽተኛም፣ ጤፍም ጭነውባታል። ዓይናቸው ደክሞ ግቢው ጥግ ካቆሟት አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ደሴ የሚኖረው ወንድሜ መላኩ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ አድሳታለሁ ባይ ነኝ። ባለፈው እሑድ መላኩ መጥቶ ሦስታችን ተቀምጠን ተስማማን። ቦዲው ወልቆ ሻንሲው ይታያል፤ መኪናዋን ሁሉ የተሸከመው ብረት ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ ትታደሳለች። ከበሰበሰ ቅዳሜ የአሮጌ ብረት ነጋዴው መጥቶ ይጭናታል። አባባ ቃላቸውን ሰጡ። የአባባ ቃል ደግሞ አይታጠፍም፤ እኔና መላኩ በልጅነታችን ለማጠፍ ሞክረን ስንት ጊዜ ተገርፈናል።

መላኩ «ከሥር ገብተሽ ብታዪው አይበቃም?» ብሎኝ ነበር። አይበቃም። ሻንሲ የሚበሰብሰው ከላይ፣ ጭቃው በሚተኛበት በኩል ነው። ከሥር ያየው ሰው ይሸነገላል።

ማክሰኞ

ተፈታ! ላምባ ጠጥቶ ያደረው ብሎን ሁለት ጊዜ ሲጥ ብሎ ዞረ። ዘለልኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ግን ዘለልኩ።

ዛሬ የወረዱ፦ ኮፈኑ። ሁለቱ በሮች። መሪው። ወንበሮቹ።

ከወንበሮቹ ሥር የተገኙ፦ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ። የተበጠሰ ሙስበሃ፣ የሙስሊሞች መቁጠሪያ። እፍኝ ባቄላ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጋብቻ ቀለበት። ቀለበቱን ለአባባ ሳሳያቸው አገላብጠው አዩት። «ይቺ ልጅ ታዲያ ለባሏ ምን አለችው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ብሎኖቹን ሁሉ በየድልህ ጣሳው ለይቼ ስማቸውን ጻፍኩባቸው። የመብራት ገመዶቹ ላይም ፕላስተር ለጥፌ ጻፍኩ። ነገ መልሼ ስገጥም የማላውቀው ነገር እንዳይኖር። «መልሼ ስገጥም» ብዬ ጻፍኩ አይደል? ገና ሻንሲውን ሳላየው።

ረቡዕ

ቦዲውን ከሻንሲው ጋር ከያዙት ብሎኖች ሦስት ቀሩ። ጎረቤታችን በያጁ ሰይድ መቁረጫ ማሽኑን ተሸክሞ መጣ። አባባ ከአግዳሚያቸው ተነሡ። «እሳት የሚተፋ ነገር አይነካትም!»

«አባባ፣ ሦስት ብሎን ብቻ ናት። ወላሂ ቦዲው አይጫርም» አለ ሰይድ።

«ከሆነማ እኔን አስቀድመህ ቁረጠኝ።»

ተናደድኩ። ቅዳሜ ሊደርስ ነው፣ እሳቸው ለብሎን ያዝናሉ! የማይባል ነገርም ተናገርኩ፤ «እንደዚህ ከምንለምናት ይጫኗት» አልኩ። ወደ አግዳሚያቸው ተመለሱ። እኔም አኩርፌ ወደማስተምርበት ክፍል ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ሦስቱም ብሎኖች ተፈትተው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ቀኑን ሙሉ በሻይ ብርጭቆ ላምባ እያመላለሱ፣ በእነዚያ በሚንቀጠቀጡ እጆቻቸው ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በቁልፍ ትንሽ በትንሽ ሲያዞሩ ውለዋል። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ጥቁር ሆኗል። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አፌም ላምባ ላምባ አለኝ።

ሐሙስ

አልተሳካም። ስምንት ተማሪዎች አምጥቼ ቦዲውን ለማንሣት ሞከርን። አሉሚኒየም ስለሆነ ክብደቱ አያስፈራም። አስቸጋሪው ነገር ሳያዘነብል፣ ሞተሩንና የማርሽ ዘንጎቹን አልፎ ደረት ድረስ እኩል መነሣት ያለበት መሆኑ ነው። ከፊት ሲነሣ ከኋላ ይቀራል፣ ከኋላ ሲነሣ ከፊት ይወርዳል። አንዱ ልጅ ጣቱን ሊያስቆርጥ ለጥቂት ተረፈ። «አስቀምጡት!» ብዬ ጮህኩ።

ሃያ ሰው ያስፈልጋል። ሃያ ሰው ደግሞ ከየት ይምጣ? ወቅቱ የውቂያ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። ክሬን የሚባል ነገር በዚህ አገር የለም። የቀረኝ ነገ ብቻ ነው።

ሰይድ ነው ሐሳቡን ያመጣው። «ቅሬ አለልሽ አይደል እንዴ? ሬሳ የሚሸከም ቦዲ ያቅተዋል?»

እውነቱን ነው። የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሲጠራ አውድማም፣ ሱቅም፣ ቢሮም ይዘጋል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ደግሞ ወዮለት። የቅሬው ዳኛ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። አፍሬ እየተንተባተብኩ ሃያ ጎረምሳ ለመንኳቸው።

«ለአባትሽ ለይመር ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አሉኝ። «እናቴን በምጥ ቀን እሱ አይደል ያደረሳት? እኔ እዚያች መኪና ውስጥ ልወለድ ምንም አልቀረኝ ብላ ትነግረኝ ነበር። አብሽሪ ልጄ። ለቅሬው ጠሪ ለአስፋው እነግረዋለሁ፤ ሰው ይጠራልሻል።»

ሼህ እንድሪስ ከአባባ በአምስት ዓመት ቢያንሱ ነው፤ እንዴት ሆኖ በአባባ መኪና ሊወለዱ እንደነበር አልገባኝም። ግን ሃያ ሰው ለሚሰጠኝ ሰው ሒሳብ አላርምም።

ዓርብ

ከየት ልጀምር?

አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ገና ወገግ ሳይል፣ ጥሩንባ ተነፋ። በተኛሁበት «ማን ሞቶ ይሆን?» ብዬ አማተብኩ። ከዚያ የአስፋው ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ፦ «አቶ ይመር ቤት! ወደ አቶ ይመር ቤት!»

ራቁቴን ልወጣ ምንም አልቀረኝ። የአስፋው ጥሩንባ ከሞት በቀር ለሌላ ነገር ተነፍቶ አያውቅም። ሼህ እንድሪስ «ለይመር ቤት ሰው ጥራ» ብለውት ሄደዋል፤ እሱም በሚያውቀው መንገድ ጠራ። ሃያ ሰው አላመጣም። ሰፈሩን ነው ያመጣው። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘዋል። አጣናና ድንኳን የተሸከሙ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አንዷ የንፍሮ ድስት ታቅፋ። ከፊት እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን እየደቁ፦ «ወይ ይመር! ወይ የመንገዱ ጌታ!»

አባባ በዚህ ሰዓት ከጓሮ ፊታቸውን ታጥበው ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ዘይነባ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ፣ ቀስ ብለው፦ «እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

«እኔ? መቼ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በአባቴ ላይ ሟርት የጠራሁ እኔ ነኝ። ሼህ እንድሪስ ሲሮጡ ደረሱ፤ አስፋው ላይ ጮኹበት፦ «ሰው ጥራልኝ አልኩህ እንጂ ግደልልኝ አልኩህ?» «ሼህ፣ ምን ላድርግ፤ ጥሩንባው ሌላ ዜማ የለው!» አለ ምስኪን።

አባባ ግቢውን ሞልቶ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ልሮጥ ስል መሳቅ ጀመሩ። «ይኼ ሁሉ ሰው? ለእኔ? ከአውድማው ተነሥቶ? በሉ ቀጥሉ እንጂ ዘይነባ፣ የመንገዱ ጌታ ካሉ በኋላ ምን ሊሉ ነበር?» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ መሀል ግን ዓይናቸውን በፎጣው ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔም ጠረግሁ።

ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ጥሩንባ የተነፋበት ቤት ሳይረዳ አይኬድም። ሞት ከሌለ ሥራ አለ። አጣናውን አምጡ!»

አራት አጣና በቦዲው ሥር አሳለፍን፣ በሽተኛ በቃሬዛ እንደምናነሣው። ሃያ አራት ትከሻ ገባ። እኔ ከሥር ሆኜ የማርሹን ዘንግ እጠብቃለሁ። «አንሣ!» አልኩ። ግማሹ «ቢስሚላህ» ብሎ ብድግ አደረገ። ሌላው ግማሽ ገና «በስመ አብ ወወልድ» ላይ ነው። ቦዲው ወደ ግራ ተንጋደደ፣ እኔ በጉልበቴ ዳኽኩ፣ አባባ «አውርድ!» ብለው ጮኹ።

ሼህ እንድሪስ ፈረዱ። «ሁሉም የየራሱን ጸሎት ይጨርስ። ጨርሶ ይጠብቅ። ጥሩንባ ሲነፋ ያን ጊዜ ይነሣ። አስፋው፣ በል አሁን ለሕያው ንፋ!»

ተነፋ። ቦዲው ተነሣ። እኩል! ሞተሩን አለፈ፣ ማርሹን አለፈ። የረሳሁት አንድ ገመድ ተወጥሮ ጠብ ብሎ ተበጠሰ። ይበጠስ! ወደ ኋላ ስድስት ርምጃ፣ «ትከሻ ቀይር!»፣ ሌላ አራት፣ ከዚያ ግንዶቹ ላይ አረፈ። ሊያለቅሱ የመጡት እትዬ ዘይነባ እልልታውን አቀለጡት። ንፍሮውም ለቀብር የተቀቀለ ነው ሳይባል ተበላ። አባባም ሁለት ጊዜ ዘገኑ።

ሰው ተበተነ። ከሰይድ ጋር የሻንሲውን ጭቃ ስናጥብ ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አባባ ትንሿን መዶሻ ይዘው መጡ። ጸጥ አስባሉንና ከፊት ጀምረው መቱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። ቲን። ቲን። በቀኙ በኩል እስከ ጫፍ ጮኸ። በግራው መሀል ድረስ ጮኸ። ልቤ መብረር ጀምሮ ነበር። ከኋላ ጎማው በላይ ግን መዶሻው ድፍ አለ። ደግመው መቱት፣ መዶሻው ገባ። አንድ ስንዝር ያህል በስብሷል።

መዶሻው ከገባበት ሳይወጣ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። መላኩ ነው። ጠዋት አንድ ሰው ደውሎ «እናንተ ቤት ጥሩንባ ተነፋ» ብሎታል። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ከደሴ እስከዚህ እያለቀሰ መጥቷል። «ወይኔ አባቴ!» እያለ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ፣ አባቱ መዶሻ ይዘው ቆመዋል።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉት።

መላኩ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሱፍ ልብሱን እንደለበሰ። ከዚያ እግራቸውን አቅፎ አለቀቀም። አባባ ጭንቅላቱን እየዳበሱ፣ «ሞቼ ብታየኝስ እንዲህ አታቅፈኝም ነበር» አሉት።

ቅዳሜ

ነጋዴው በሦስት ሰዓት ደረሰ፣ ከነጭነት መኪናውና ከነጫኞቹ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። «ከበሰበሰ ትጫናለች ተባብለናል። በስብሶ ተገኝቷል። ጫኑ» አሉ።

«አባባ፣ ስንዝር እኮ ናት! ሰይድ በአንድ ቀን ይበይዳታል!»

«ስንዝር ከሆነ አንጭንም አላልንም፣ ወርቄ።»

ለመንኳቸው። ሰይድም ለመናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ግን ቃል ቃል ነው። እሳቸውስ ቢሆን ወደውት ነው? ከውኃ ጋኑ ጀርባ ሄጄ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አምስት ቀን ለፍቼ፣ አገር ምድሩን አስነሥቼ፣ ስንዝር ዝገት ታሸንፈኝ?

ጫኞቹ ገመድ ሲያወርዱ ሰማሁ። ከዚያ የመላኩ ድምፅ መጣ። ከቤት የወጣው የአባባን አሮጌ ሱሪ ለብሶ ነው፤ የራሱ ገና አልደረቀም።

«ወንድሜ ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩህ» አለው ለነጋዴው። «ስምምነቱን የገባነው ከአቶ ይመር ጋር ነበር። እሳቸው ደግሞ ትናንት ጠዋት አርፈዋል። ጥሩንባ ተነፍቷል፣ ቅሬው ወጥቷል፣ ንፍሮውም ተበልቷል፤ ሰፈሩን ጠይቅ። እኚህ የምታያቸው ሌላ ሰው ናቸው። ምንም ቃል አልሰጡም።»

ነጋዴው አባባን አየ። እኔም ከጋኑ ጀርባ አንገቴን አውጥቼ አየኋቸው። መላኩን አዩት፣ ሻንሲውን አዩት፣ እንደገና መላኩን አዩት። ኮታቸውን ቀስ ብለው አውልቀው አግዳሚው ላይ አኖሩ።

«እኔማ» አሉ፣ «ምን ተናገርኩ?»