የጡታችን ጫፍ ጉዳይ

ለውዷ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ ወይስ አሁንም የባልሽን ጫማ እየተዋስሽ ነው የምትሄጂው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? አባባንስ ያ ደረቅ ሳል ለቀቀው? ሆድሽ ውስጥ ያለው ባለጌስ እንቅልፍ ይሰጥሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች የጎደለብኝ የለም፤ ዛሬማ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ በእማዬ እጅ ስለሆነና እሷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለግቢው ሁሉ ስለምታሰማው ነው። ይሄ ደግሞ ለግቢ የሚሆን ወሬ አይደለም። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው፤ ከዚያ ለፈለግሽው ንገሪ።

ያለፈውን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በጡትሽ ጫፍ ዙሪያ፣ ጠቆር ባለው ቆዳ ላይ፣ የስፒል ራስ የሚያካክሉ ጉብታዎች እንደወጡብሽ፤ አትክልት ሻጯ ጎረቤታችሁ «ይሄ የጡት መርዝ ነው፤ ልጅ ይገድላል» እንዳለችሽ፤ ባልሽም የዱቄት ወተት በጣሳ በጣሳ ገዝቶ እንደደረደረ ጽፈሻል። «ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን ልጅ በጡቴ ከምገድለው በጣሳ ላሳድገው» ያልሽው ሆዴን አባባው። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ እኔም የራሴ ጉድ ነበረብኝ።

በግራ ጡቴ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ትርፍ ሥጋ፣ በቀጭን አንገት ተንጠልጥላ ከወጣች ዓመት አልፏታል። አታምም፣ አታሳክክም፤ ግን ልብስ በቀየርኩ ቁጥር ክፉ ክፉውን ታሳስበኝ ነበር። በምሠራበት ስፌት ቤት በቀን ስንት ሴት እለካለሁ፤ የደንበኞቼን የደረት ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የራሴን ለሰው ከማሳየት ግን ሞቴን መረጥኩ። በመጨረሻ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቁልፍ የምንተክልበትን ሰም የተቀባ ክር አመጣሁና አንገቷን ሰባት ዙር ጠምጥሜ ቋጠርኩት፤ በሦስት ቀን ደርቃ ትወድቃለች ብዬ። ልብስ ሰፊነቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን የወደቅኩት እኔ ነኝ። አበጠች፣ ቀላች፣ ጡቴ እንደ እሳት ፈጀኝ፤ ክንዴን ወደ ጎኔ ማስጠጋት አቃተኝ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ በሌለችበት «መቀስ» የምንላት፣ ክንዴን እንደ ዶሮ ክንፍ አንስቼ ስሰፋ አየችኝና ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ወሰደችኝ። እያለቀስኩ አሳየኋት። ትጮህብኛለች ስል «ልጄ፣ ሥጋ እኮ እንደ ጨርቅ አይቀመቀምም» አለችና በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋች። ለሠርግም ለለቅሶም ዘግታ የማታውቅ ሴት! እኔም ጨርቄን ማቄን ሳልል ተከተልኳት።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ወንድ ሐኪም ይመጣ ይሆን እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። የመጣችው አንዲት ደርባባ ነርስ ናት። የለበሰችውን ጋውን ሳየው ግራ ኪሱ ዘሟል፤ የእኔ ስፌት! ባለፈው ዓመት ለጤና ጣቢያው ከሰፋናቸው አንዱ ነው። መቀስ ኪሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለነርሷ «ይቺ ስትድን እሱን ታስተካክልልሻለች» አለቻት። ሕመሜን ረስቼ ሳቅኩ።

ነርሷ ክሩን ቀስ አድርጋ ፈታችው፣ ቁስሉን ጠረገችው፣ መድኃኒትም ሰጠችኝ። እንዲህ ያለች ተንጠልጣይ ሥጋ ልብስ ሲፈትግ፣ አንዳንዴም እንዲሁ እንደምትወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት እንደሌላት ነገረችኝ። በክር ማሰርና ቤት ውስጥ መቁረጥ ግን ያመረቅዛል፤ ደግሞም ምንነቷ ሳይታይ አይሆንም አለች። ቁስሉ ሲሽር ሐኪሙ አደንዝዞ በአፍታ ቆርጦ ለምርመራ ላካት። ወንድ ነበር፤ አልሞትኩም። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን፣ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፋሁ። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱ ተሰጠኝ፤ ክፉ ነገር የለም ይላል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጮቤ ረገጥኩ፤ አብራኝ የመጣችው መቀስ ጭምር እልል አለች።

በዚያው ድፍረት አግኝቼ ደብዳቤሽን ከቦርሳዬ አወጣሁና ለነርሷ አነበብኩላት። አትቆጪኝ፣ ስምሽን አልጠራሁም። «ምን መርዝ አለው!» አለች። ጉብታዎቹ ሴት ሁሉ ያላት የቅባት ዕጢዎች ናቸው፤ ስታረግዝ ጎላ ይላሉ እንጂ አዲስ አይደሉም። ቅባታቸው የጡቱ ጫፍ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ያለሰልሰዋል፤ ጠረኑም ሕፃኑ ጡቱን ፈልጎ እንዲያገኝ ይረዳዋል። አታፍርጣቸው፣ በሳሙናም አትፈትጋቸው አለች። ይሄኔ መቀስ ግንባሯን መታ አድርጋ «ስድስት ልጅ ሳጠባ በሎሚ ስፈትጋቸው የኖርኩት ታዲያ ለምኔ ነው?» አትልም! ነርሷ በሳቅ ወንበር ያዘች።

ግን በሳቅ ብቻ አልሸኘችንም። ከጡት ጫፍ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ከወጣ፣ ደህና የነበረው ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አንዱ ጡት ላይ የማይድን ቁስል ወይም ቅርፊት ካለ፣ ጠጣር እብጠት ከተዳሰሰ፣ ጉብታውም እያደገ ወይም መልኩን እየቀየረ ከሄደ ቀን ሳይቆጠር መታየት ያስፈልጋል ብላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለክትትል ስትሄጂ ለአዋላጇ አሳያት፤ በእኔ ወሬ ብቻ አትርኪ።

በሞቴ እትዬ፣ ልጁ እንደተወለደ ደረትሽ ላይ አስተኚው። እኔ በአንዲት ምስር ፍርሃት የዓመት ደስታዬን አባክኛለሁ፤ አንቺ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሽውን ደስታ በጎረቤት ወሬ እንዳትነጠቂ። ጣሳዎቹን ለአናጺው ባልሽ ተዪለት፤ ሚስማር ያጠራቅምባቸዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይሄን ደብዳቤ ጮክ ብላ እንዳታነብም ለምኚልኝ። አባባን እጅ ነስቻለሁ፤ ኮቱን እየሰፋሁለት ነው በይው። ባልሽን አይዞህ በዪልኝ፤ ወተቱን የገዛው በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። አትክልት ሻጯንም ቢሆን ሰላም በያት፤ የራሷንም ጡት ትታይ። ሆድሽ ውስጥ ላለው ደግሞ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ የአክስትህ ሰላምታ ነው፣ ምግብህ ደህና ነው፣ በደስታ ና በዪልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከስፌት ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር ካለው መኪናዬ አጠገብ
ግንቦት 19 ቀን