የጋሼ አረንጓዴ ማሰሪያ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጋሼ ዛሬም ሞቱ። ቀኑ ገና አልመሸም፣ እሳቸው ግን ሁለቴ ሞተዋል። ጠዋት በጉልበታቸው፣ ከምሳ በኋላ በጨጓራቸው። እማዬ «ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አትሳቅበት» ትለኛለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እየሳቀች። እንዴት አይሳቅ? የሚቀበሩበትን ግራጫ ሱፍ ሳይቀር መርጠዋል። ሆዳቸው አላስቆልፍ ስላለ፣ ለቀብራቸው ሲሉ እራት ቀንሰዋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ላብ በላብ። «ሆዴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ መሰለኝ» አሉ። እማዬ ሥራ ነበረች። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፣ እንደ ልማዳችን።

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንዲት ሲስተር በሽተኛ ትለያለች። እጁ ላይ ቀይ ማሰሪያ ያሰረችለት ወዲያው ይገባል። ቢጫው ትንሽ ይቆያል። አረንጓዴው ወንበር ላይ ይከርማል። ግፊታቸውን ለካች፣ ደህና ነው። «አባባ፣ ምንዎን ነው?» አለቻቸው። አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ሲስተር፣ እኔ ከመወለዴ ጀምሮ እየሞቱ ነው። ጨጓራ ነው።»

ሳቀች። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ጋሼም ሳቁ... አፍረው ይሆን?

አረንጓዴ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። «አንተ ልጅ፣ እስኪ ሄደህ ንገርልኝ... ብሶብኛል።»

«ጋሼ፣ ሞትም ወረፋ አለው እኮ!»

ዝም አሉ። ጋሼ! ዝም! እንዴት አልገባኝም? ከወንበሩ ሲንሸራተቱ ነው የጮህኩት። ሲስተሯ ሮጣ መጣች፣ አረንጓዴውን በመቀስ ቆርጣ ቀይ አሰረችላቸው። ምን ዋጋ አለው...

ሐኪሙ ወጥቶ «ልባቸው ነበር» አለ። «አልደረስንላቸውም።»

ዓርብ፣ የካቲት 7

ቀበርናቸው። ስለ ሱፉ አልጽፍም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቤቱ ሰው በሰው ነው። «ይኸው የእህቱ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ያደረሰው! ተባረክ!» ይሉኛል። እማዬ ግንባሬን ሳመችኝ። «ብቻውን አልሞተም፣ አንተ ነበርክለት።» ልነግራት አፌን ከፈትኩ... ውሃ ስጪኝ አልኳት። ፈሪ።

ቢጫ ቢያስሩላቸው ይተርፉ ነበር? ማን ይጠየቃል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሄድኩ። ተሰለፍኩ። ያቺው ሲስተር ናት። «አጎቴ እየሞቱ ነው ብዬ ያሳቅኩዎት ልጅ ነኝ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

«የኔ ልጅ፣ በቀን ስንቱን አያለሁ... የትኛው አባባ?»

አስረዳኋት፣ ላቡን፣ ወንበሩን። አላስታወሰችም። ያን ሳቅ ይዤው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?

«አንተስ? የት ጋ ነው የሚያምህ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ቦታ ለቀቅኩላትና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሲስተሯ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ተንተባተበች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች... ማንም አልቀደማትም።